በቁጣ የተጻፈ የሥራ መልቀቂያና የማግሥቱ አሳብ

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰነድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያውቃል። አንድ ፊርማ ዕቃን ከወደብ ያስወጣል፤ አንድ ፊርማ ገንዘብን ከባንክ ያወጣል፤ አንድ ፊርማ የጎደለ እንደ ሆነም ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ ተቀምጦ ኪራይ ይቈጥራል። ስለዚህ ነጋዴውም ሆነ የነጋዴው ሠራተኛ የሚፈርመውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቦ ይፈርማል። ነገር ግን ይህን ጥንቃቄ የሚያውቅ ሰው፥ አንድ ሰነድ ብቻ ሳያነብና ሳያስብ ሲጽፍ ወይም ሲቀበል ይታያል። እርሱም በቁጣ ሰዓት የሚጻፈው የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ሰው ሥራውን ከቶ አይልቀቅ ለማለት አይደለም። ታስቦበት፥ በጊዜውና በሥርዐቱ ሥራን መልቀቅ የሠራተኛው መብት ነው። ዓላማው፥ በአንድ ሩብ ሰዓት ተቈጥቶ የለቀቀ ሰው በማግሥቱ አሳቡ በተለወጠ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው፥ ደብዳቤውን የተቀበለው ባለቤትም መልስ ከመስጠቱ በፊት ምን መመዘን እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

አንድ ምሳሌ

በአንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ቤት ለ11 ዓመት ያገለገለ ሒሳብ ያዥ አለ እንበል። ጊዜው የወሩ መጨረሻ ነው። ከጅቡቲ የመጣ አንድ ኮንቴይነር፥ በኢንቮይሱና በዕቃው ዝርዝር ላይ የተጻፈው የጥቅል ቍጥር ስላልተስማማ ሳይለቀቅ ቀርቷል። ስሕተቱ የውጭ አገሩ ሻጭ ነው። ባለቤቱ ግን የኪራዩ ገንዘብ ስላንገበገበው፥ ደንበኞችና የሱቅ ሠራተኞች ባሉበት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህን ሥራ ሕፃን ልጅ ቢይዘው ካንተ ይሻል ነበር» ይለዋል።

ሒሳብ ያዡ አንድ ቃል ሳይመልስ ወረቀት ይስባል። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ብሎ ይጽፍና ይፈርማል። የካዝናውን ቍልፍ ከደብዳቤው ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ባለቤቱም በበኩሉ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ነገሩ ሁሉ ከተጀመረ እስከሚያልቅ ሩብ ሰዓት አልሞላም። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የ11 ዓመት ሥራ በሩጫ የተፈታው ግን በሩጫ የታጠቁት ሆኖ አይደለም፤ ጉዳቱም በዚያው ልክ ይበዛል።

የሌሊቱ ሒሳብ

እንዲህ ያለው ሰው ሲመሽ ቤቱ ተቀምጦ መቍጠር ይጀምራል። በመጀመሪያ የሚቈጥረው ደመወዙን ነው። የቤት ኪራይ አለ፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፤ ዕቁብ አለ፤ ዕቁቡም ወጥቶለት ገንዘቡን በልቶት እንደ ሆነ ቀሪውን በየሳምንቱ መክፈል ግዴታው ነው። ይሁን እንጂ ደመወዝ በሌላ ቤትም ሊገኝ ይችላል። ወደ ሌላ ቤት ይዘውት ሊሄዱ የማይቻል ሀብት ግን አለ፤ እርሱም የአገልግሎት ዘመን ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ለአገልግሎት ዘመን ዋጋ ሰጥቶታል። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ 1 የሥራ ቀን ይጨመርበታል። ስለዚህ 11 ዓመት ያገለገለው ሒሳብ ያዥ 21 ቀን ደርሶ ነበር፤ በአዲስ ቤት ግን እንደ ገና ከ16 ይጀምራል። አሠሪው በማስጠንቀቂያ የሥራ ውሉን በሚያቋርጥበት ጊዜም፥ ከ9 ዓመት በላይ ላገለገለ ሠራተኛ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የ3 ወር ሲሆን፥ ከ1 ዓመት ላላለፈ ሠራተኛ የ1 ወር ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ አዲሱ አሠሪ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሊያደርግበት ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። ለጡረታውም እርሱ ከደመወዙ 7 በመቶ፥ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይከፍሉ ነበር፤ ያለ ሥራ በሚቀመጥባቸው ወራት ይህ መዋጮ ይቋረጣል።

የደብዳቤው አጻጻፍ ራሱ ዕዳ ያመጣል። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሣ የመክፈል ኀላፊነት አለበት፤ ካሣውም ከ30 ቀን ደመወዙ ሳይበልጥ ገና ካልተከፈለው ገንዘብ ላይ ይታሰባል። እንግዲህ «ከዛሬ ጀምሮ» የሚሉት 2 ቃላት ብቻ የአንድ ወር ደመወዝ ሊያስከፍሉ ይችላሉ ማለት ነው። ያው ሰው «ከዛሬ 30 ቀን በኋላ» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ካሣውም አይኖርም፤ ሁለቱም ወገኖች የሚያስቡበት አንድ ወር በእጃቸው ይቀር ነበር።

ጸጸቱን ስለ መመርመር

ሌሊቱን አሳቡ የተለወጠ ሰው፥ በማግሥቱ ወደ ቀድሞ ቤቱ ከመሮጡ በፊት የጸጸቱን ዐይነት መለየት አለበት። በቁጣ ለቅቆ በድንጋጤ መመለስ ሁለት ጊዜ መቸኰል ነውና።

ራሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ይበቃል። «ያ ስድብ ባይነገረኝ ኖሮ በዚህ ወር ሌላ ሥራ እፈልግ ነበርን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አልፈልግም ነበር» የሆነ እንደ ሆነ፥ የለቀቀው ሥራውን ሳይሆን አንድ ክፉ ሰዓትን ነው፤ መመለሱም ትክክል ነው። መልሱ «ከብዙ ወራት ጀምሮ ስፈልግ ነበር» ከሆነ ግን ቁጣው ያደረገው ነገር ቢኖር የቆየውን አሳብ ማፋጠን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሊመለስ የሚገባው ለመቅረት ሳይሆን፥ ማስጠንቀቂያውን አስተካክሎ፥ ሥራውን አስረክቦ በክብር ለመሄድ ነው።

ጸጸት የማያስፈልግበት ሁኔታም አለ። አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት የፈጸመበት እንደ ሆነ፥ ለደኅንነቱና ለጤናው የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ ሳያስወግድ የቀረ እንደ ሆነ፥ ወይም እንደ ደመወዝ መክፈል ያለውን መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ ያልፈጸመ እንደ ሆነ፥ አዋጁ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅድለታል። ምክንያቱን ግን በጽሑፍ ለአሠሪው መግለጽ አለበት፤ መብቱም የሚሠራው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ ባለው 15 የሥራ ቀን ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት የለቀቀ ሰው የሚያስፈልገው የሕግ ምክር እንጂ ይቅርታ መጠየቅ አይደለም።

ደብዳቤው የማን ነው

ጸጸቱ እውነተኛ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ቀጥሎ ማወቅ ያለበት ደብዳቤው አሁን የማን እንደ ሆነ ነው። ለዚህም አስመጪና ላኪ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ምሳሌ አለ። በባንክ የሚከፈተው ኤል ሲ፥ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዩ ሲ ፒ 600 በሚባለው የዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ደንብ መሠረት፥ የማይሻር ነው። አስመጪው ከማስከፈቱ በፊት በማመልከቻው ላይ እንደ ፈለገ መጻፍና መሰረዝ ይችላል። ከተከፈተ በኋላ ግን፥ የከፈተው ባንክ፥ ክፍያውን ያረጋገጠ ሌላ ባንክ ካለም እርሱ፥ እንዲሁም ተጠቃሚው ሻጭ ካልተስማሙ በቀር አይሻሻልም፥ አይሰረዝም።

የመልቀቂያ ደብዳቤም ጠባዩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ከእጅ ሳይወጣ የጻፈው ሰው ነው፤ ቢቀድደው ጠያቂ የለበትም። ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ ከተሰጠ፥ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ግን የሁለት ሰው ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ውል አቀራረብ ሲናገር መንፈሱ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ያቀረበውን አሳብ መተዉን ሌላው ወገን አሳቡን ከማወቁ በፊት ወይም በዚያው ጊዜ የሰማ እንደ ሆነ፥ አሳቡ እንዳልቀረበ ይቈጠራል። ስለዚህ ደብዳቤውን ባለቤቱ ገና ሳያነበው ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ መልሶ የወሰደ ሰው ዕድለኛ ነው። ከተነበበ በኋላ ግን አስተዋይ ሰው «እኔው ጽፌዋለሁ፥ እኔው እሰርዘዋለሁ» በሚል አሳብ አይታመንም። የሚያስተማምነው መንገድ የባለቤቱን ፈቃድ ማግኘት ነው።

ይህን ሳይረዱ የሚለቁ ሰዎች የሚደርስባቸውን ነገር በስፖርት ዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ ያስረዳል። እንግሊዛዊው አሠልጣኝ ብራያን ክላፍ ደርቢ ካውንቲ የተባለውን ክለብ በ1972 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሻምፒዮን አድርጎት ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር ከክለቡ የሥራ አመራር ቦርድ ጋር ተጣልቶ ከረዳቱ ከፒተር ቴይለር ጋር የመልቀቂያ ጥያቄ አቀረበ። ቦርዱም ተቀበለው። ተጫዋቾቹ ይመለስልን ብለው ጠየቁ፤ ደጋፊዎችም ተሰልፈው ጮኹ፤ ቦርዱ ግን ሌላ አሠልጣኝ ሾመ። ክላፍ በ1974 እ.ኤ.አ. ሊድስ ዩናይትድ ገብቶ በ44 ቀን ተሰናበተ። ኋላ በኖቲንግሃም ፎረስት የአውሮፓን ዋንጫ በ1979 እና በ1980 እ.ኤ.አ. አነሣ። ሊቅነቱ፥ ዝናውና የሕዝቡ ፍቅር አንድ ጊዜ ተቀባይነት ያገኘን ደብዳቤ ሊያስመልሱለት አልቻሉም። የሁለተኛው ሰው ፈቃድ ጎድሎ ነበርና።

የመመለሻው መንገድ

ሊመለስ የቈረጠ ሰው የመጀመሪያው ሥራው መፍጠን ነው። ባለቤቱ ለቦታው ሌላ ሰው ቃል ከገባ በኋላ የሚቀርብ ይቅርታ፥ ምንም ቅን ቢሆን፥ የሦስተኛ ሰውን እንጀራ የሚነካ ይሆናል። የሚሻለው በማግሥቱ ጧት፥ ሱቁ ሳይከፈትና ደንበኛ ሳይበዛ፥ ራሱ ሄዶ ባለቤቱን ለብቻው ማነጋገር ነው። ስልክ ድምፅን እንጂ ፊትን አያሳይም፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ፊት ለፊት የሚነገር ነው።

ንግግሩም አጭርና እውነተኛ ይሁን። «ጋሼ፥ ትናንት የጻፍሁት በቁጣ ነው። ከሰው ፊት የተነገረኝ ቃል አሳዝኖኛል፤ ቢሆንም ቍልፍ ጥዬ መሄድ አይገባኝም ነበር። ቢፈቅዱልኝ ደብዳቤውን አንሥቼ ሥራዬን ልቀጥል» ቢል በቂ ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ሰውየው የራሱን ጥፋት አምኗል፤ የተበደለበትንም አልሸሸገም፤ የሚፈልገውንም በግልጽ ጠይቋል። «አሞኝ ነበር» ወይም «ሰው መክሮኝ ነው» ብሎ ሰበብ መፍጠር ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ የሐሰት ደረሰኝ እንደ ማስገባት ነው፤ ሲመረመር ይገኛል፤ ሲገኝም እምነትን ያጠፋል።

በዚያው ሰዓት የደመወዝ ጭማሪ መጠየቅ አይገባም። ጭማሪው የሚገባው ቢሆን እንኳ ጥያቄው ይቅርታውን ወደ ገበያ ድርድር ይለውጠዋል፤ ባለቤቱም «ደብዳቤው የተጻፈው ለካ እኔን ለማስፈራራት ነው» ብሎ ያስባል። የደመወዝ ጕዳይ በሌላ ቀን፥ በሰላሙ ጊዜ ይነሣል።

ባለቤቱ ሊያነጋግረው ያልፈቀደ እንደ ሆነ ሽማግሌ መላክ የአገር ወግ ነው። ሽማግሌው በንግዱ መካከል የተከበረ፥ ሁለቱንም የሚያውቅ፥ ከሁለቱም ጋር የብድርና የዱቤ ሒሳብ የሌለበት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ባለዕዳ ሽማግሌ ሚዛኑ አይቆምለትም።

ስምምነት የተገኘ እንደ ሆነ ነገሩ በቃል ብቻ አይቅር። የመጀመሪያው ደብዳቤ በጽሑፍ ስለ ሆነ የሚያፈርሰውም ጽሑፍ መሆን አለበት። የዚያን ደብዳቤ ቀን ጠቅሶ፥ በሁለቱ ስምምነት የተሰረዘ መሆኑንና የአገልግሎት ዘመኑ ሳይቋረጥ የሚቀጥል መሆኑን የሚገልጽ፥ ሁለቱም የፈረሙበት አንድ ገጽ ይበቃል። «ሳይቋረጥ» የሚለው ቃል ከተረሳ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ሠራተኛው እንደ አዲስ የተቀጠረ ነው አይደለም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የ11 ዓመቱ ሀብት ያለ ማስረጃ ይቀራል።

ለባለቤቱ የሚገባ ምክር

ደብዳቤውን የተቀበለ ባለቤትም የራሱ ሌሊት አለው። ሠራተኛው ደመወዙን በሚቈጥርበት ሰዓት እርሱም ሊቈጥር የሚገባው ነገር አለ። ከደንበኞች ማን በዱቤ እንደ ወሰደ፥ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚያመላልስ ከመዝገቡ ይልቅ በልቡ የሚያውቀው ማን ነው? የትኛው ኤል ሲ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ የሚከታተለው ማን ነው? በላኪ ቤት የሆነ እንደ ሆነ፥ በኤል ሲው ላይ ሌላ ቀን ካልተወሰነ በቀር የማጓጓዣ ሰነዶች ከተጫኑበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለባቸው። አዲስ ሰው ሥራውን እስኪለምድ ድረስ ይህ ቀን አይጠብቅም። ቁጣው በተነሣበት የኮንቴይነር ኪራይ ላይ የአንድ ሰነድ መዘግየት ቢጨመርበት ኪሳራው ስንት እንደሚሆን ባለቤቱ ራሱ ያውቀዋል።

ስለዚህ ባለቤቱ ደብዳቤውን ሲቀበል የተቀበለበትን ቀን ይጻፍበት፤ መልሱን ግን ቢያንስ እስከ ማግሥቱ ያሳድረው። በዚያው ሰዓት «ተቀብያለሁ» ብሎ መፈረም፥ በዚያው ሰዓት ከጻፈው ሠራተኛ ጋር በችኰላ እኩል መሆን ነው።

ባለቤቱ የተጸጸተውን ሠራተኛ ሁሉ የመመለስ ግዴታ አለበት ማለት ግን አይደለም። ለቦታው ሌላ ሰው ቀጥሮ እንደ ሆነ፥ በገንዘብ ረገድ እምነት የሚያጓድል ነገር አግኝቶ እንደ ሆነ፥ ወይም ይኸው ሠራተኛ በተቈጣ ቍጥር ቍልፍ የሚጥል ሆኖ እንደ ሆነ፥ አልመልስም ቢል አይፈረድበትም። የሚገባው መልሱን በግልጽና በቶሎ መንገር ነው። «እስቲ እናያለን» እያሉ ሰውን ሳምንታት በደጅ ማቆም የሌላ ሥራ ዕድሉን ያሳልፍበታል።

የመለሰው እንደ ሆነም ከልቡ ይመልሰው። የተሰረዘውን ደብዳቤ በመሳቢያ አስቀምጦ በየጊዜው «ያን ቀን እኮ» እያለ የሚያስታውስ ባለቤት፥ ሠራተኛውን መለሰው እንጂ ሥራውን አላስመለሰም። ስሕተቱም የእርሱ የነበረ እንደ ሆነ፥ ስድቡ በተነገረበት ቦታ፥ በነዚያው ሠራተኞች ፊት «ጥፋቱ የሻጩ ነበር፤ ያለ ጥፋቱ ተናገርሁት» ማለት ክብሩን አይቀንስበትም። በሰው ፊት የተነገረ ስድብ በጓዳ በሚነገር ይቅርታ አይካስም።

መመለሱ ያልተቻለ እንደ ሆነ

በሩ ተዘግቶ ቢገኝ ሠራተኛው አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ እርሱም በሚገባ ማስረከብ ነው። የካዝናው ገንዘብ በሁለት ሰው ፊት ይቈጠር። ቍልፎች፥ ማኅተም፥ የባንክ ሰነዶች፥ የኮምፒዩተር የይለፍ ቃሎች በዝርዝር ተጽፈው በፊርማ ይተላለፉ። ቍልፍ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መውጣት ርክክብ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ለሚጎድል ነገር ሁሉ ጥርጣሬን ወደ ራስ መጥራት ነው። የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ በስምምነት የተሠራበት እንደ ሆነ ደግሞ፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሁለቱም ግዴታ እንደ ቀድሞው የጸና ነው።

ባለቤቱም የሚገባውን ይፈጽም። የሥራ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ የሠራተኛውን ደመወዝና ሌላ የሚገባውን ገንዘብ መክፈል አለበት። ሠራተኛው የሠራውን የሥራ ዐይነት፥ ያገለገለበትን ዘመንና ያገኝ የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባው መሆኑን ከአዋጁ ማጣራት ይኖርበታል፤ በቁጣ ላይ ሆኖ «ምንም አልፈልግም» ብሎ መፈረምም አይገባውም።

ወደ ምሳሌው ስንመለስ፥ ሒሳብ ያዡ በማግሥቱ በጧት ተነሥቶ ሄደ እንበል። ባለቤቱ ደብዳቤውን ገና አልመለሰበትም፤ ቍልፉም በተቀመጠበት አለ። ሁለቱ በመጋዘኑ ጓዳ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ባለቤቱ ስለ ተናገረው ቃል፥ ሒሳብ ያዡም ስለ አወጣጡ ይቅርታ ተጠያየቁ። የመሰረዣውን ገጽ ጽፈው ፈረሙ። ከዚያም ሒሳብ ያዡ ወንበሩን ስቦ፥ የተስተካከለውን የዕቃ ዝርዝር ቶሎ እንዲልክ ለውጭ አገሩ ሻጭ መጻፍ ጀመረ። ይህ ሥራ ትናንት በዚያው ሰዓት ሊሠራ ይቻል ነበር። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው፤ የፈሰሰው ቢለቀምም የመልቀሚያው ቀን ከኪራዩ ላይ ይታሰባል።

ስለዚህ በየንግድ ቤቱ አንድ ልማድ ቢገባ ይጠቅማል። በቁጣ የተጻፈ መልቀቂያ ሳይሰጥ አንድ ሌሊት ይደር፤ በቁጣ የተሰጠም ሳይመለስበት አንድ ሌሊት ይደር። በማግሥቱም ያው ደብዳቤ ልክ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ቀኑ በሚገባ ተጽፎበት፥ ሥርዐቱን ጠብቆ ይሂድ።